ከላፕቶፑ ጋር የተሸጠው ፋይል



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ በዚህ እትም የምናካፍላችሁ ጉዳይ ላይ ላዩን ሲያዩት የኮምፒውተር ተማሪዎችን ብቻ የሚመለከት ይመስላል። ኢንጂነሪንግ የማትማሩ ግን ገጹን ቶሎ አትግለጡት። ነገሩ የሚጀምረው ላፕቶፕ ውስጥ ነው፤ የሚያልቀው ግን መስጂድ ግድግዳ ላይ ነው፣ ሱሑር የሚበላ ሰው እጅ ላይ ነው። ከዚያም አልፎ ፕሮጀክት ሠርቶ፣ የጀመዓ ኃላፊነት ይዞ ወይም ማኅደር ጠብቆ ለሚቀጥለው ባች የሚያስረክብ ሁሉ ይመለከተዋል።

እኛ አራት ተማሪዎች ነን። ሦስታችን ኤሌክትሪካልና ኮምፒውተር ኢንጂነሪንግ፣ አንዷ እህታችን ደግሞ ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ እንማራለን። ከግቢው በር ወጣ ብሎ ባለው መስጂድ የተሰቀለውን የሶላት ሰዓት ሰሌዳ የመንከባከቡን ሥራ ከተመረቁ ወንድሞቻችን ተረክበናል። ሰሌዳውን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ በቀይ መብራት የአምስቱን ወቅት ሰዓትና የኢቃማውን ደቂቃ የሚያሳየው ነው። ከጀርባው ራስፕቤሪ ፓይ የምትባል የእጅ መዳፍ የምታህል ኮምፒውተር አለች። ወንድሞቻችን የመመረቂያ ፕሮጀክታቸው አድርገው ሠርተውት ለመስጂዱ ሰጥተውት ሄዱ። አላህ ይቀበላቸው፤ ጥሩ ሥራ ነው የሠሩት። ከዚህ በታች የምንጽፈውም እነርሱን ለመውቀስ አይደለም።

በመጀመሪያ እንዲህ ያለ ዕቃ ሶፍትዌሩ እንዴት እንደሚዘጋጅ ባጭሩ እንንገራችሁ።

ስልካችሁ ላይ አፕ እንደምትጭኑት አይደለም። ለሰሌዳው የሚያስፈልገው ሁሉ፣ ከሊኑክስ ከርነሉ ጀምሮ መብራቱ ላይ ቁጥር እስከሚጽፈው ፕሮግራም ድረስ፣ ሌላ ላፕቶፕ ላይ ከምንጭ ኮዱ ይገነባል። ውጤቱ ኢሜጅ የሚባል አንድ ትልቅ ፋይል ነው፤ እሱ ኤስዲ ካርድ ላይ ይጻፍና ካርዱ ሰሌዳው ውስጥ ይገባል። ይህን ግንባታ የሚያካሂድልን ዮክቶ ነው። የዮክቶ ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. በ2010 በሊኑክስ ፋውንዴሽን ሥር የተጀመረ ሲሆን ሞተሩ ቢትቤክ ይባላል። ቢትቤክ ረሲፒ የሚባሉ ፋይሎችን ያነባል። እያንዳንዱ ረሲፒ የአንድ ፕሮግራም ምንጭ ከየት እንደሚመጣ፣ እንዴት ኮምፓይል እንደሚደረግና የት እንደሚቀመጥ ይናገራል። ረሲፒዎቹ ደግሞ ሌየር በሚባሉ ስብስቦች ተከፋፍለው አንዱ በአንዱ ላይ ይደረደራሉ። ከታች ዓለም ሁሉ የሚጋራው መሠረት አለ፤ ከላዩ የራስፕቤሪ ፓይ ሌየር፣ ከሁሉም በላይ የራሳችን ትንሽ ሌየር። ግንባታው ከ50 ጊጋባይት በላይ ባዶ ቦታ ይፈልጋል። በእኛ ላፕቶፖች የመጀመሪያው ቢልድ ማታ ተጀምሮ የሚያልቀው ጠዋት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ፋይል እንምጣ። ግንባታ ስትጀምሩ ዮክቶ አንድ የሥራ ፎልደር ይከፍትና ውስጡ ሎካል ኮንፍ የሚባል ፋይል ያስቀምጣል። ስሙ እንደሚለው የዚያ ቦታ፣ የዚያ ላፕቶፕ ቅንብር ማለት ነው። የምትገነቡት ለየትኛዋ ቦርድ እንደሆነ፣ በአንድ ጊዜ ስንት ሥራ እንዲሠራ፣ የሚወርዱት ፋይሎች የት እንዲቀመጡ እዚያ ትጽፋላችሁ። ነገር ግን ፋይሉ ማንንም አይከለክልም። ያሻችሁን መስመር ጨምራችሁ ቢልድ ብታደርጉ ይሠራል። ከመማሪያ ጽሑፍም ከቪዲዮም የምታገኟቸው ብዙ ምሳሌዎች "ይህን መስመር ሎካል ኮንፍ ላይ ጨምሩ" ነው የሚሉት። የሥራ ፎልደሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጊት ውስጥ አይገባም፤ ግዙፍ ነው፣ የግል ነው፣ ተሰርዞ እንደገና የሚፈጠር ነው ተብሎ ስለሚታሰብ። ስለዚህ ኮዱ ለሁሉም ሲደርስ ያ ፋይል በባለቤቱ ላፕቶፕ ላይ ይቀራል።

ታሪካችን እዚህ ላይ ይጀምራል።

የ1446ቱ ረመዳን ሊገባ ሁለት ወር ያህል ሲቀረው ሰሌዳው ጠፋ። ከፍተን ስናየው ኮምፒውተሯ ደህና ናት፤ ካርዱ ነው የተበላሸው። መብራት በድንገት እየጠፋ በሚመለስበት ቦታ ኤስዲ ካርድ በመጻፍ ላይ እያለ ኃይል ሲቋረጥበት መበላሸቱ የተለመደ ነው። አዲስ ካርድ ተገዛ። ኮዱ ጊት ላይ ነበር፤ አወረድነው፣ ማታ ቢልድ አደረግነው፣ ለሱብሒ ስንነሳ አልቆ አገኘነው። አንድም ኤረር አልነበረም። አልሐምዱሊላህ ብለን ከመስቀላችን በፊት ዶርም ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠን ሞከርነው።

ሰሌዳው ሰዓቱን ሦስት ሰዓት ወደኋላ አስቀርቶ ያሳያል።

ይህ ቀላል ነበር። ዮክቶ ምንም ካልተነገረው የሰዓት ክልሉን የዓለም አቀፉን መነሻ ሰዓት ያደርገዋል፤ የእኛ አገር ሰዓት ከዚያ በሦስት ሰዓት ይቀድማል። "የአዲስ አበባን ሰዓት ተጠቀም" የሚል አንድ መስመር የሆነ ቦታ መኖር ነበረበት። ኮዱን ሁሉ ፈለግነው፤ የለም።

ሁለተኛው ደግሞ መጣ። ሶኬቱን ነቅለን ስንመልሰው ሰዓቱ ተሳስቶ ተነሳ። ይህች ቦርድ በራሷ ባትሪ ያለው ሰዓት የላትም። ወንድሞቻችን ለዚሁ ብለው ክብ ባትሪ ያላት ዲኤስ3231 የምትባል የሰዓት ቺፕ በሁለት የመረጃ ሽቦ አገናኝተውላት ነበር። ቺፗ በቦታዋ አለች፤ ባትሪዋም ደህና ነው። አዲሱ ኢሜጅ ግን መኖሯን አያውቅም። በራስፕቤሪ ፓይ ሌየር ውስጥ ያ የመረጃ መስመር እንዲከፈትና ቺፗ እንድትታወቅ የሚያደርጉ ሁለት ቅንብሮች አሉ። እነርሱም ከኮዱ ውስጥ የሉም።

ያን ጊዜ ከተመረቁት ለአንዱ ወንድማችን ደወልንለት። በጥሩ ፊት ነው ያነጋገረን።

"እነሱን ሎካል ኮንፍ ላይ ነበር የጨመርኳቸው" አለን።

"ፋይሉን ልትልክልን ትችላለህ?"

"ላፕቶፑ ላይ ነበር እኮ። ሥራ ፍለጋ ልወጣ ስል ሸጥኩት። የግል ፋይል ስለነበረበት ዲስኩን አጥፍቼ ነው የሸጥኩት።"

"መስመሮቹ ስንት ነበሩ? ታስታውሳለህ?"

ትንሽ ዝም አለ። "ሰዓቱና ቺፗ ትዝ ይሉኛል። ሌላም ሳይኖር አይቀርም። የመስጂዱ ሰዎች አንድ ነገር እንድናስተካክል ጠይቀውን ነበር።"

ስልኩን ከዘጋን በኋላ ያስጨነቀን ይኸው የመጨረሻው ቃል ነበር። ሦስት ሰዓት የተሳሳተ ሰሌዳ ማንንም አያታልልም፤ ማንም አይቶ ይስቅበታል። መብራት በጠፋ ቁጥር የሚሳሳት ሰሌዳም ራሱን ያጋልጣል። የሚያስፈራው ልክ መስሎ የሚሠራው ነው። ሰሌዳው እንደገና ሊሰቀል ነው፤ ረመዳን እየመጣ ነው፤ ሰዎች እሱን አይተው ከምግብ እጃቸውን ያነሳሉ፣ እሱን አይተው ያፈጥራሉ። እኛ ደግሞ ምን እንደጎደለው አናውቅም።

አንዷ እህታችን ናት መንገዱን ያገኘችው። "የድሮው ሰሌዳ ፎቶ ይኖራል" አለች። የጀመዓውን የቴሌግራም ግሩፕ ወደኋላ ስንፈልግ ከ1445ቱ ረመዳን አንድ ፎቶ አገኘን። መጋቢት 10 ቀን 2016 የተነሳ ነው። የኢፍጣር ሰፍራ ሊያነሱ ብለው ከበስተኋላ ሰሌዳው ገብቷል፤ አምስቱም ሰዓት ይነበባል። ፀሐይ በየዓመቱ በአንድ ቀን ላይ የምትገኝበት ቦታ ከሞላ ጎደል ያው ነው፤ ለእኛ ደግሞ ያ ቀን ራሱ ነበረን። በአዲሱ ፕሮግራም የመጋቢት 10ን ሰዓት አስልተን ከፎቶው ጋር አስተያየነው።

ዙህር፣ ዐስር፣ መግሪብ ልክ ናቸው። ሱብሒ በፎቶው ላይ በ6 ደቂቃ ይቀድማል። ዒሻ ደግሞ በ2 ደቂቃ ይዘገያል።

ይህ ልዩነት የዘፈቀደ አይደለም። የሱብሒና የዒሻ ሰዓት የሚሰላው ፀሐይ ከአድማስ በታች ስንት ዲግሪ ስትሆን ነው በሚለው ነው። ምድር በሰዓት 15 ዲግሪ ትዞራለች፤ ስለዚህ አንድ ዲግሪ በእኛ አካባቢ ወደ 4 ደቂቃ ነው። የዓለም ሙስሊም ሊግ ስሌት ለሱብሒ 18፣ ለዒሻ 17 ዲግሪ ይይዛል። የግብፅ የቅየሳ ባለሥልጣን ስሌት ደግሞ ለሱብሒ 19.5፣ ለዒሻ 17.5 ይይዛል። በሱብሒ ያለው የ1.5 ዲግሪ ልዩነት 6 ደቂቃ ይሆናል፤ በዒሻ ያለው የግማሽ ዲግሪ ልዩነት 2 ደቂቃ። ፎቶው የሚለውም ይህንኑ ነው። በፕሮግራሙ ውስጥ ማንም ካልነካው የሚሠራው 18 ነበር። የድሮው ሰሌዳ ግን በ19.5 ነበር የሚሠራው። ይህን የቀየረ አንድ መስመር ነበረ፤ ያ መስመር ከላፕቶፑ ጋር ተሸጧል።

ከሁለቱ የትኛው ስሌት ይሻላል የሚለው የእኛ ጥያቄ አይደለም፤ የዑለማኦች ነው። የእኛ ጥያቄ ሌላ ነው፦ ይህን መስጂድ በተመለከተ የወሰነው ማነው? አዲሱን ኢሜጅ እንዲሁ ብንሰቅለው ኖሮ ሰሌዳው ከአምናው 6 ደቂቃ ዘግይቶ ሱብሒ ገባ ይል ነበር። ማንም ኮሚቴ አልተሰበሰበም፤ ማንም ሸይኽ አልተጠየቀም። የወሰነው ፕሮግራሙን በመጀመሪያ የጻፈው ሰው ያስቀመጠው መነሻ ቁጥር ይሆን ነበር። ሰው ጽፎ ያላስቀመጠው ለውጥ ሲጠፋ ቦታው ባዶ አይቀርም፤ መነሻው ቅንብር በዝምታ ይተካዋል። ኤረር የለም፣ ማስጠንቀቂያ የለም። ለዚህ ነው ነገሩ ከባድ የሚሆነው።

ስሌታችንን ይዘን ወደ መስጂዱ ኮሚቴ ሄድን። ጸሐፊው ሐጂ ጥያቄያችንን ሰምተው ሳይጨርሱ ከመደርደሪያው አንድ የተማሪ ደብተር አወረዱ።

"ልጆቼ፣ ይሄ እኮ ተጽፏል" አሉን።

አዎ፣ ተጽፏል። ቀኑ አለ፤ የተገኙት ሰዎች ስም አለ፤ ሰሌዳው ኮሚቴው ከሚጠቀምበት የግድግዳ ሠንጠረዥ ጋር እንዲስማማ መባሉ አለ፤ ቁጥሩም አለ፦ 19.5 እና 17.5። ምክንያቱ ሳይቀር በሁለት መስመር ሰፍሯል። እኛ ያን ሁሉ ፎቶ ፈልገን ስንደርስበት በእስክሪብቶ የተጻፈው ደብተር ከሁለት ዓመት በፊት ጀምሮ መልሱን ይዞ ይጠብቀን ነበር። ኮዱ ያላስቀመጠውን ደብተሩ አስቀመጠው። ከሐጂ ዘንድ ስንወጣ ከአራታችን አንዱ "ጊት ማለት ለካ ይሄ ነው" አለ። እውነቱን ነው፤ ምን ተለወጠ፣ መቼ፣ በማን፣ ለምን የሚሉትን አራት ጥያቄዎች የሚመልስ ሁሉ ያንኑ ሥራ ይሠራል።

ከዚያ በኋላ ቁጭ ብለን ቅንብሮቹን ሁሉ በዝርዝር አወጣን። "ሎካል" የሚለው አንድ ቃል የተለያዩ ነገሮችን አንድ ላይ እንዳስቀመጠ ያን ጊዜ ነው ያየነው። አራት ዓይነት ሆነው አገኘናቸው።

የመጀመሪያው በእውነት የላፕቶፑ የሆነው ነው። አንዱ ላፕቶፕ አራት ኮር አለው፣ ሌላው ስምንት፤ አንዱ የሚወርደውን በውጭ ዲስክ ያስቀምጣል፣ ሌላው በውስጡ። ይህ ለሌላ ሰው አይጠቅምም፤ እንዲያውም ሊጎዳው ይችላል። እንዲህ ያለው ሎካል ኮንፍ ላይ ይቅር፤ ወይም ዮክቶ ለዚሁ በሚያነበው ሳይት ኮንፍ በሚባል ለብቻው ፋይል ይቀመጥ። ቢጠፋ ማንም የሚያጣው ነገር የለም።

ሁለተኛው የዕቃው የሆነው ነው። የሰዓት ክልሉ፣ የሰዓቷ ቺፕ፣ የሚያስፈልጉት ፕሮግራሞች ዝርዝር። ይህ የማንም ላፕቶፕ ጉዳይ አይደለም። ሰሌዳው ያለ እነርሱ ሰሌዳ አይሆንም። እነዚህን ከሎካል ኮንፍ አውጥተን በራሳችን ሌየር ውስጥ በየቦታቸው አስቀመጥናቸው፦ የቦርዷን በቦርዷ ቅንብር፣ የሰዓት ክልሉን በስርዓቱ ቅንብር፣ የፕሮግራሞቹን ዝርዝር በኢሜጁ ረሲፒ። ሌየሩ ጊት ውስጥ ነው፤ ከኮዱ ጋር ይሄዳል።

ሦስተኛው የመስጂዱ የሆነው ነው። ኬክሮስና ኬንትሮስ፣ የሱብሒና የዒሻ ዲግሪ፣ ከአዛን እስከ ኢቃማ ያለው ደቂቃ። ይህ እንደየቦታው ይለያያል። ኢቃማን በ5 ደቂቃ ለማሳጠር አንድ ሌሊት ሙሉ ቢልድ ማድረግ አግባብ አይደለም፤ ሌላ መስጂድ ሰሌዳ ቢፈልግም ለእሱ ብቻ የተለየ ኮድ መያዝ አይገባም። ስለዚህ ከግንባታው ጭራሽ አወጣነው። አሁን ካርዱ ላይ በአንዲት አጭር የጽሑፍ ፋይል ተቀምጧል፤ ቅጂዋም የመስጂዱን ስም ይዛ ጊት ላይ አለች። ዲግሪ ያልተጻፈበት ፋይል ሲያገኝ ፕሮግራሙ በ18 አይሠራም፤ "ዲግሪ አልተሰጠም" ብሎ ሰሌዳው ላይ ይጽፋል። በዝምታ ከመገመት ቆሞ መጠየቅ ይሻላል ብለን ነው።

አራተኛው ለጊዜው የሆነው ነው። ለሙከራ ብለን የምንከፍታቸው ነገሮች አሉ። ዮክቶ ለምሳሌ ያለ ይለፍ ቃል እንድንገባ የሚያደርግ የሙከራ ቅንብር ነበረው፤ በአሮጌ እትሞቹ ናሙና ሎካል ኮንፍ ላይ ተጽፎ ነው የሚመጣው። ጠረጴዛ ላይ ሲሠራ ያመቻል። መስጂድ ግድግዳ ላይ ግን ማንም ኬብል ይዞ መጥቶ የሶላት ሰዓት እንዲቀይር በሩን ክፍት መተው ነው። እንዲህ ያለው መስመር አጠገቡ "ከመሰቀሉ በፊት ይነሳ" የሚል ማስታወሻ ሊኖረው ይገባል፤ የሚያነሳውም ሰው መታወቅ አለበት።

ይህን ስንለይ ከእኛ መካከል መድረሳ የተቀመጥን ሰዎች አንድ የምናውቀው ነገር ትዝ አለን። ሸይኽ ዘንድ ኪታብ ስንቀራ መሐል ላይ መትኑ አለ፤ ሸርሑ አለ፤ ዳር ዳሩን ሐሺያው አለ። ደረሳው ከሸይኹ የሰማውን ማብራሪያ በመስመሮቹ መካከልና በኅዳጉ ይጽፋል። መትኑን ግን አይፍቀውም፣ አይደልዘውም። በዚህ ምክንያት ከብዙ ዘመን በኋላ ያንን ቅጂ የሚይዝ ሰው የቱ የደራሲው ቃል እንደሆነ፣ የቱ የማብራሪያው፣ የቱ የዚያ ደረሳ ማስታወሻ እንደሆነ ለይቶ ያያል። የዮክቶ ሌየሮችም የተሠሩት በዚህ መልክ ነው። ከታች ያለውን የሌሎችን ረሲፒ ከፍተን አንቀይረውም፤ በራሳችን ሌየር ውስጥ "በዚያ ላይ ይህን ጨምር" የሚል ትንሽ ፋይል እንጽፋለን። መሠረቱ ሲታደስ የእኛ ማስታወሻ በቦታው ይቆያል። ሎካል ኮንፍ ላይ የተጻፈው ግን በብጣሽ ወረቀት ተጽፎ ኪታቡ ውስጥ እንደተሸጎጠ ነው፤ ኪታቡ ከእጅ ወደ እጅ ሲሄድ ይወድቃል።

ማን ምን እንደለወጠ ለማወቅም መሣሪያ አለ። ቢትቤክ ብዙ ፋይሎችን ተራ በተራ ስለሚያነብ አንድ ቅንብር በአምስት ቦታ ሊነካ ይችላል፤ አንዱ ያስቀምጠዋል፣ ሌላው ይጨምርበታል፣ ሌላው ይሽረዋል። ቢትቤክ ጌትቫር የሚባለው ትእዛዝ የአንዱን ቅንብር ስም ብትሰጡት የመጨረሻውን ዋጋ ብቻ ሳይሆን በየትኛው ፋይል፣ በስንተኛው መስመር እንደተነካ በቅደም ተከተል ያሳያችኋል። መድረሳ ላይ "ከማን ሰማኸው? እሱስ ከማን?" ብለን እንደምንጠይቀው ነው። ሰዓቱ ለምን ሦስት ሰዓት እንደቀረ የነገረን ይኸው ትእዛዝ ነው፤ ከመነሻው ፋይል በቀር ማንም እንዳልነካው አሳየን።

የከርነል ቅንብርም እንዲሁ ነው። ሜኑ ከፍቶ አንድ ነገር መርጦ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ግን የተቀመጠው በሥራ ፎልደሩ ውስጥ ነው፣ ፎልደሩ ሲጸዳ ይሄዳል። ልዩነቱን ብቻ አውጥቶ በትንሽ ፋይል የሚሰጥ ትእዛዝ አለ፤ ያንን ፋይል ወደ ሌየሩ ማስገባት ነው። ሥራው ሁለት ደቂቃ ነው።

እትሙንም ጻፉ። ዮክቶ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2021 በወጣው 3.4 እትሙ የቅንብር አጻጻፉን ቀይሯል፤ ከዚያ በፊት በታች ሰረዝ (_) ይጻፍ የነበረው አሁን በሁለት ነጥብ ይጻፋል። ስለዚህ አሮጌውን ሎካል ኮንፍ ብታገኙት እንኳ በአዲሱ እትም ላይ ላይሠራ ይችላል። የትኛው ሌየር በየትኛው እትም ላይ ሳለ እንደተገነባ ካልታወቀ ቅንብሩ ብቻውን ግማሽ መረጃ ነው።

ይህን ሁሉ ካደረግን በኋላ አንድ ፈተና አወጣን። ሥራው አለቀ የሚባለው ከአራታችን ውስጥ ያልሠራው ሰው፣ በሌላ ላፕቶፕ፣ በባዶ ፎልደር፣ የተጻፈውን ብቻ እያነበበ ቢልድ አድርጎ ያንኑ ሰሌዳ ሲያስነሳ ነው። ሠሪው አጠገቡ ይቀመጣል፤ ነገር ግን አይናገርም። የግቢው ኢንተርኔት ስለሚያስቸግር የወረዱትን የምንጭ ፋይሎች በፍላሽ እንሰጠዋለን፤ እሱ ይፈቀዳል። ሎካል ኮንፍ መስጠት ግን አይፈቀድም። የሚጠይቀው እያንዳንዱ ጥያቄ ያልተጻፈ ነገር መኖሩን ያሳያል፤ ጥያቄውን በቃል አንመልስለትም፣ ጽፈን እናስገባለታለን።

ሰሌዳው በሻዕባን አጋማሽ ተሰቀለ። ከመሰቀሉ በፊት ሐጂ ደብተራቸውን ይዘው መጥተው ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ከሰሌዳው ጋር አስተያዩ፤ ከዚያም ቀኑን ጽፈው ፈረሙ። አሁን ሌላ መስጂድም እንድንሠራለት ጠይቆናል። ኢንሻአላህ ለእሱ የሚያስፈልገው አንዲት አዲስ የጽሑፍ ፋይል ብቻ ነው።

ወንድሞችና እህቶች፣ ይህ ጉዳይ የዮክቶ ብቻ አይደለም። በዚህ ዓመት የምትመረቁ አላችሁ። የጀመዓውን ኃላፊነት የምታስረክቡም አላችሁ። የላይብረሪው ቁልፍ ማን ጋር እንደሚውል፣ የረመዳን ኢፍጣር ዳቦ ከማን በስንት እንደሚገዛ፣ አዳራሽ ለማስፈቀድ የትኛው ቢሮ በስንት ቀን ቀደም ብሎ ደብዳቤ እንደሚፈልግ፣ ይህ ሁሉ የእናንተ ሎካል ኮንፍ ነው። በእናንተ ጭንቅላትና በእናንተ ስልክ ውስጥ እስካለ ድረስ ሥራው ያለችግር ይሄዳል፤ ስለዚህ የጎደለ ነገር መኖሩ አይታወቅም። የሚታወቀው እናንተ ከሄዳችሁ በኋላ ነው። ያኔ ቦታውን የሚይዘው ማንም ያልወሰነው መነሻ ቅንብር ነው።

አማና ሲባል ብዙ ጊዜ የምናስበው ገንዘብና ዕቃ ነው። የምናውቀው ነገርም አማና ነው። ሳትሄዱ አንድ ከሰዓት በኋላ ቁጭ በሉና የለወጣችሁትን ሁሉ ለዩት፦ የእኔ ብቻ የሆነው፣ የሥራው የሆነው፣ የቦታው የሆነው፣ ለጊዜው የሆነው። የሥራውንና የቦታውን ከነምክንያቱ ጻፉና ተከታያችሁ በሚያገኘው ቦታ አስቀምጡ። ከዚያ ከታናናሾቻችሁ አንዱን ጠርታችሁ "ይህን ብቻ አንብበህ ሥራው" በሉት፤ አጠገቡም ዝም ብላችሁ ተቀመጡ።

ላፕቶፕ የምትሸጡ ካላችሁ ደግሞ ዲስኩን ከማጥፋታችሁ በፊት ደውሉልን።

ወሰላሙ ዐለይኩም።